የቀረችው እደግ

በሁለት ሺህ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን ጠዋት፣ ጋሽ አራጋው ኮምቦልቻ ያለችውን የስፌት ቤታቸውን ሊከፍቱ ሲመጡ አሥራ አራት ልጆች በሩ ላይ ተሰልፈው ጠበቋቸው። ሁሉም የመጡት መርፌ ውስጥ ክር ሊያስገቡላቸው ነው። ከመንገዱ ማዶ ወላጆቻቸው ሌላ ጉዳይ ያላቸው ይመስል ወዲያ ወዲህ እያዩ ቆመዋል።

«እኔኮ ያለኝ አንድ መርፌ ነው» አሉ ጋሽ አራጋው የበሩን መክፈቻ ከኪሳቸው እየፈለጉ። «አሥራ አራታችሁም ክር ካስገባችሁልኝ መቼ ልሰፋ ነው?»

አንድም ልጅ አልሳቀም። ሳቅ ነጥብ የለውም።

ልጆቹን ያሰለፋቸው የክር ነገር እንዳልሆነ ጋሽ አራጋው ያውቃሉ። ቀበሌው በር ላይ ባለው ሰሌዳ የሰፈሩ አዋቂ ሁሉ ስም ከነቀሪው ይታያል። የዚያን ዕለት ጠዋት ከሁለት መቶ ስልሳ ሰው መካከል ከባዶ በላይ የተጻፈበት አንድ ስም ብቻ ነበር፤ አራጋው ይመር፣ አንድ።

ነገሩ ሲጀመር ክፋት አልነበረበትም። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተስፋ ጽሕፈት ቤት የሚባለው መሥሪያ ቤት ሲቋቋም «የነገ መሪዎች ገና በልጅነታቸው ተለይተው ይኮትኮቱ» ነው ያለው፤ ይህን ማን ይጠላል? ልጆች ስድስተኛ ክፍል ሲጨርሱ ሦስት መቶ ነጥብ የሞላላቸው ሐይቅ ዳር ወደተሠራው የቡቃያ ትምህርት ቤት ይገባሉ። ከዚያ የወጣ ልጅ ቀን ይወጣለታል። ያልገባውም ይማራል፣ ይሠራል፣ አግብቶ ይወልዳል፤ ስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ ግን ሰብሳቢው ዓይን ውስጥ አይገባም።

የነጥቡ ግማሽ ከትምህርት ይመጣል፤ እሱ አላስቸገረም። ያስቸገረው ምግባር ነበር። ምግባርን በምን ይለኩታል? አዋቂዎቹ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ አንዱ ብልህ ተነሥቶ «በእኛ አገር ልጅ ደግ ሲሠራ ትልቅ ሰው እደግ ይለው የለም እንዴ? እሱን ብንቆጥርስ?» አለ፤ ተጨበጨበለት። ከዚያ ወዲህ ልጅ ሁሉ ኮሌታው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነገር ይለጥፋል። የመዝገብ ስሟ ረጅም ስለሆነ ሰው ባጭሩ «ጆሮ» ይላታል። አዋቂ ሰው ልጁን «እደግ» ሲለው ጆሮ ሰምታ ጢው ትላለች፤ አንድ ነጥብ ገባ ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት አገሩን ምርቃት አጥለቀለቀው። እናቶች በአጥር ላይ «የኔን በይልኝ፣ ያንቺን እልልሻለሁ» ይባባሉ ጀመር። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ሽማግሌ ወንበር ዘርግተው በቀን አራት መቶ ልጅ ይመርቁ ነበር፤ በወሩ ድምፃቸው ተዘጋ። መሥሪያ ቤቱ ይህን አየና ልክ አበጀለት፤ ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት ሰባት እደግ። ወላጅ የገዛ ልጁን ቢመርቅ አይቆጠርም። ሰባቱን የጨረሰ ሰው ደግሞ በስምንተኛው ከልጁ ላይ አሥር ያስቀንሳል።

እንዲህ ሆነና ሰው ምላሱን መንከስ ለመደ። አውቶቡስ ውስጥ ልጅ ተነሥቶ ወንበር ሲለቅላቸው ሽማግሌዎች ከንፈራቸውን ገጥመው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዳንድ አሮጊቶች እትፍ እትፍ ይላሉ፤ ምራቅ አይቆጠርም።

የጋሽ አራጋው ልጅነት እንዲህ አልነበረም። እሳቸው ያደጉት ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት፣ ጀሪካን ደጃፍ ለደጃፍ በሚሰለፍበት ዘመን ነው። ጎረቤታቸው እትዬ ጦይባ አሥር ጊዜ ይልኳቸዋል፤ ሳሙና፣ የሞባይል ካርድ፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት። አሥር ጊዜም «እደግ፣ ተመንደግ!» ይሏቸዋል። አንድ ቀን ሦስት እንቁላል ገዝተው ሲመለሱ ቦይ ውስጥ ወድቀው ሦስቱንም ሰበሩት። እያለቀሱ ቢመጡ እትዬ ጦይባ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠርገው «ተው አታልቅስ፣ እንቁላል ነው። እደግ!» አሏቸው። ምን ስላደረጉ ነው? ምንም፤ ስላለቀሱ ነው። ቃሉ ያኔ እንደ ዝናብ ነበር፤ ማንን ስንት እንደነካው የሚያውቅ አልነበረም።

ልብስ ሰፊ ሲሆኑም ያ መንፈስ አልለቀቃቸውም። የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ሱሪው ግርጌ አራት ጣት ወደ ውስጥ ያጥፉ ነበር፤ «ያድጋል፣ ይፈታለታል» ይሉ ነበር ለእናቶች። አሁን ዩኒፎርም በየወሩ በልጁ ልክ ታትሞ ይመጣል። ለእሳቸው የተረፈላቸው የተቀደደ መስፋትና ዚፕ መቀየር ነው።

ያችን አንዲት እደግ ያስቀሯት ለልጅ ልጃቸው ለናታን ነው። ቃል ገብተዋል። ልጃቸው ርብቃ ከመስከረም ጀምሮ ነግራቸዋለች፤ ስድስቱን ለፈለጉት፣ ሰባተኛዋን ለናታን። ሰኔ ሲገባ የናታን ነጥብ ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ቆመ። አንድ ብቻ ጎደለው።

ታዲያ ለምን እስካሁን አላሉትም? ይህን ርብቃ በየቀኑ ትጠይቃለች፤ እሳቸውም ራሳቸውን ይጠይቃሉ። ናታን ክፉ ልጅ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ መርፌዋን ይቀበላል፣ ክሯን በአንድ ጊዜ ያስገባል። ከዚያ ግን የምግባር አስጠኚው እንዳሳየው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ኮሌታውን ወደ አያቱ አፍ አዙሮ ይጠብቃል። ጋሽ አራጋው ቃሉን ሊያወጡት አፋቸውን ይከፍታሉ፤ መልሰው ይዘጉታል። «ቅዳሜ ይደርሳል» ይላሉ። ቅዳሜዎቹ አለቁ፤ መዝገቡ ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀረው።

የዚያን ዕለት ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ሰልፉ ፈረሰ። ሁሉም መጀመሪያ ልግባ አለ፤ መገፋፋት መጣ፤ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ተገፍታ ጉልበቷ ተላጠ። ወላጆቹ ከማዶ ሆነው የየራሳቸውን ልጅ ስም ይጠራሉ፤ የወደቀችውን የሚያነሣ ጠፋ። ጣልቃ የገባ አዋቂ የሌላውን ልጅ ዕድል አሰናከለ ተብሎ ይከሰሳላ።

በዚህ መሐል ሙና መጣች። ሙና የጎረቤታቸው የዘሃራ ልጅ ናት፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ እሷም ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ጨርሳለች። የመጣችው ዚፑ የተቀየረውን የእናቷን ቀሚስ ልትወስድ ነው። የወደቀችውን አነሣችና «ኧረ ቆይ!» አለች። «ሥራውኮ አንድ አይደለም። ጋሼ፣ ያ የቁልፍ ሣጥን እንደተደበላለቀ ነው?»

«ከፋሲካ ጀምሮ» አሉ ጋሽ አራጋው።

«አራት ልጅ ቁልፍ ይለይ፤ ነጩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ። እናንተ ደግሞ የክሊኒኩን መጋረጃ ስፌት ፍቱ። አንተ ረጅሙ!» ያለችው ሲገፋ የነበረውን ነው። «መደርደሪያው ላይ ካንተ በቀር የሚደርስ የለም፤ አቧራውን ባንተ ላይ ጥዬዋለሁ። መርፌው የእሷ ነው፤ ጉልበቷ ተልጧል።»

«አንቺን ማን አለቃ አደረገሽ?» አለ ረጅሙ።

«ማንም። አንተ ሁን ከፈለግህ፣ እኔ አቧራውን ልያዝ።»

ረጅሙ ልጅ ትንሽ አሰበና ጨርቁን አነሣ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቤቱ ሌላ ሆነ። ልጆቹ መጀመሪያ ኮሌታቸውን ወደ ጋሽ አራጋው እያዞሩ ነበር የሚሠሩት፤ ኋላ ረሱት። ቁልፍ የሚለዩት ተወራረዱ፣ መጋረጃ የሚፈቱት ዘፈን ጀመሩ፤ ረጅሙ ልጅ አስነጥሶት ሁሉም ሳቀበት። ጋሽ አራጋው የተፈታውን የክሊኒኩን መጋረጃ የስፌት መኪናው ላይ አድርገው እየሰፉ ነበር። እንዲህ ያለ ጫጫታ ከሰሙ ስንት ዘመናቸው ነው! ዓይናቸው እንባ አቅሮ ስፌቱ ጠመመባቸው።

ሙና የእናቷን ቀሚስ አጣጥፋ ክንዷ ላይ ጣለች። ስትወጣ የትንሿ ልጅ ጫማ ተፈትቶ አየችና ጎንበስ ብላ አሰረችላት።

«እደጊ!» አሉ ጋሽ አራጋው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፤ ክር በጥርሳቸው እየበጠሱ።

ጢው።

ቁልፍ ወድቆ ሲንከባለል ተሰማ። ጋሽ አራጋው ቀና ሲሉ ሙና ኮሌታዋን ይዛ ፈዝዛ ቆማለች። ከእሷ ኋላ፣ በሩ ላይ፣ ርብቃና ናታን ቆመዋል።

«አባዬ» አለች ርብቃ። «ምን አደረግህ?»

እውነቱን ለመናገር እሳቸውም አያውቁም ነበር። ከአፋቸው ወጣ፤ በቃ። ስልሳ ዓመት የለመደ አፍ ነው።

«አንድ ብትጨምርላት ምን ሊፈይድላት? ሰማንያ ይጎድላታልኮ!» አለች ርብቃ። እውነት ነው። ሙና ደግ የምትሠራው ትልቅ ሰው በሌለበት፣ በልጆች መካከል ነው፤ ልጅ ልጅን ቢመርቅ ደግሞ አይቆጠርም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል ነበር ድሮ። የተስፋ ጽሕፈት ቤት ግን ቅቤውን አግኝቶለታል፤ ቅጽ አለው። «የአፍ ወለምታ ማመልከቻ» ይባላል። ተናጋሪው በሁለት ቀን ውስጥ ቀርቦ፣ ልጁ ባለበት፣ «ከልቤ አልነበረም» ካለ ቃሉ ይመለስለታል። ርብቃ ቅጹን እዚያው ቆማ ሞላች። ቀጠሮው ሰኔ ሠላሳ ቀን ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ መዝገቡ የሚዘጋው በአሥራ ሁለት ነው።

በቀጠሮው ቀን አባትና ልጅ ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ናታን ከፊት ነው።

«ከተማውን አዳርሻለሁ» አለች ርብቃ ወደ ውጪ እያየች። «ዘጠኝ ሰው ቀርቶት ነበር፤ ሁሉም ቃል ገብተውበታል። ካንተ በቀር ማንም የለኝም።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«እኔ ስንት ጎድሎኝ እንደቀረሁ ታስታውሳለህ?»

«ሁለት።»

«ሁለት። አንተ ስንቱን የሰፈር ልጅ ስትመርቅ፣ ለእኔ ስለማይቆጠር አንድ ቀን ብለኸኝ አታውቅም። ሕጉ ነው፣ አልቀየምህም። ግን አሥራ ስምንት ዓመት ስሠራ ስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ በእኔ በኩል ግድግዳውን ነው የሚያዩት። ልጄ እጁን ሲያወጣ ይታይልኝ፤ ሌላ ምን አልኩህ?»

ልጃቸው ያለችው ሁሉ ልክ ነው። ጋሽ አራጋው እላለሁ ብለው ወሰኑ፤ አንዲት ቃል ናት፣ ከልቤ አልነበረም ማለት። ሰው ስንት ውሸት ይዋሻል በዕድሜው።

ቢሮው ውስጥ የተቀበለቻቸው ሠራተኛ ፌቨን የምትባል ወጣት ናት፤ ደረቷ ላይ የቡቃያ ምሩቃን ምልክት አለ። ሙና ከእናቷ ጋር ቀድማ ደርሳ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች።

«ጥያቄው አንድ ነው ጋሼ» አለች ፌቨን በትሕትና። «ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ለተማሪ ሙና ሰይድ የተናገሩት ቃል ከልብ ነበር ወይስ የአፍ ወለምታ?»

«ወለምታ ነው» አለች ሙና ብድግ ብላ። «እኔ ምንም አላደረግኩም፤ ቀሚስ ልወስድ ነው የሄድኩት። ይመልሱላቸው።»

«አንቺን አልጠየቅኩም እኅቴ።»

«ግድ የለም ጋሼ፣ ይበሉ» አለቻቸው ሙና። ልታግዛቸው ነው። የተቸገረ ሲያዩ እንዲህ ማለት ማንም አላስጠናትም።

ጋሽ አራጋው ናታንን አዩት፤ መሬት መሬት ያያል። ርብቃን አዩዋት፤ እጅጌያቸውን ይዛለች። አፋቸውን ከፈቱ። «ከልቤ» አሉ፤ «አልነበረም» የሚለው ግን አልመጣ አለ። ደገሙት፤ አሁንም እዚያው ላይ ቆመ። ልጅቷ ፊት ለፊታቸው ቆማለች። ዛሬ ይህን ብለው ነገ በየትኛው አፋቸው ማንን ሊመርቁ ነው?

«ከልቤ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ያመለጠኝስ አምልጦኛል፤ ግን ከልቤ ነው ያመለጠኝ።»

የርብቃ እጅ ከእጅጌያቸው ላይ ወረደ።

ፌቨን ጻፈች። አንገቷን ሳታቀና ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነበረኝ» አለች። «እደጊ ካሉኝ ሰዎች የአንዳቸውም መልክ ትዝ አይለኝም።» ከዚያ ማኅተሙን መታችና ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራች።

ውጪ ላይ ርብቃ ማንንም ሳታይ መጀመሪያ ባገኘችው ባጃጅ ገብታ ሄደች። ሙናና እናቷም አመስግነው፣ ምን እንደሚሉ ግራ ገብቷቸው ተሰናብተው ሄዱ። ጋሽ አራጋው ደረጃው አናት ላይ ቆሙ። ወደ ታች አዩ፤ ደረጃው ብዙ ነው።

ናታን ሁለት ደረጃ ወርዶ ነበር። ዞሮ አያቸው፣ ተመለሰ፣ በትከሻው ገባላቸው። አገጩን አላቀናም፣ ኮሌታውንም አላዞረም፤ አፍንጫው በእንባ ተደፍኖ ይተነፍሳል። «ቀስ በል አባባ፣ ይሄኛው ተሰብሯል፣ እኔ ላይ ደገፍ በል» እያለ እስከ ታች አወረዳቸው።

የጋሽ አራጋው አፍ ተከፈተ። ወዲያው ጥርሳቸውን ገጠሙ፤ ምላሳቸውን እስኪያማቸው ነከሱ።

ናታን አየ። «በለኝ» አላቸው።

«ምኑን?»

«የያዝከውን።»

«ጨርሻለሁኮ ልጄ። አሥር ይቀነስብሃል።»

«ይቀነስ። አልገባሁም እኮ አባባ፤ አለቀ። ከአሁን ወዲያ ምን ያደርግልኛል?»

ጋሽ አራጋው ይህን አላሰቡትም ነበር። መንገዱ ዳር ቆመው ልጁን ትክ ብለው አዩት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቱን ቃል ለዚህ ልጅ ውጠዋል!

«እደግ» አሉ።

ጆሮ እንደ ወትሮው ጢው አላለችም፤ ድም አለች፣ ወፍራም ድምፅ። ናታን ኮሌታውን አየና ባልተጠበቀ ሁኔታ ሳቅ አመለጠው። «አሥር ሄደ! ድገመው።»

«እደግ፣ ተመንደግ!» ድም። «እደግ የኔ ጌታ!» ድም። መንገደኛው እየዞረ ያያቸዋል። አንዲት ሴት የልጇን ጆሮ በመዳፏ ሸፍና አለፈች። ቦርከና ድልድይ ላይ ሲደርሱ ጋሽ አራጋው ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ፤ ናታን ግን «ገና መቶ ሰባ ዘጠኝ አለኝ፣ ቀጥል» አላቸው። ወንዙ ክረምቱን ይዞ ደፍርሷል። እሳቸው እያለቀሱ ነው፣ እየሳቁም ነው፤ እትዬ ጦይባ ያሏቸውን ሁሉ አንድ በአንድ እያስታወሱ አወረዱበት።

ቤት ሲደርሱ ርብቃ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል። ከሩቅ ሰምታቸዋለች።

«ስንት ቀረህ?» አለችው ልጇን።

«ሃምሳ ዘጠኝ።»

ርብቃ አባቷን አየች። ልትቆጣ ነበር፤ ምኑን ይዛ እንደምትጀምር ግን ቸገራት። ጋሽ አራጋው የናታንን ትከሻ ለቀው ወደ እሷ ቀረቡ። አርባ ዓመቷ ነው፤ ከጆሮዋ በላይ ሽበት ጀምሯታል። እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ።

«እደጊ ርብቃ» አሉ። «እደጊ ልጄ።»

ምንም አልጮኸም። ኮሌታዋ ላይ ምንም የለም።

ርብቃ ራሷን ከእጃቸው ሥር አላወጣችም።

«አሁን ምን ያደርግልኛል?» አለች።

«ምንም» አሉ ጋሽ አራጋው።

አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና በሩን ገፋ አድርጋ ከፈተችላቸው። «ግቡ እንግዲህ» አለች፤ «ምሳ እንኳ አልበላችሁም።»